የፊት ጎማውን ያነሣንበት ቅዳሜ

ግቢዬ ውስጥ አንዷን የሰርቪስ ክፍል የተከራየውን ወጣት፣ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክሉን የአቮካዶው ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ከሞተሩ ሆድ በታች የለስላሳ ሣጥን ሸጉጦ፣ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ሲያጥብ አገኘሁት። ከገበያ መመለሴ ነበር። ላምባ ከእርጥብ ቀይ አፈር ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ሽታ ገና ከበሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ዓይኔን ከጎማው መንቀል አቅቶኝ ቆምኩ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዘንቢሌን ሊቀበለኝ ብድግ ብሎ፣ "አይዞዎት እማማ፣ ሞተሯ አትወድቅም" አለኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ በሥራ ዘመኔ ዳይሬክተርም ሆነ ኢንስፔክተር ፊት አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። አየር ላይ የተንጠለጠለ የሞተር ሳይክል ጎማ ሳይ ግን ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሞተር ሳይክል ድምፅ ሲሰማ ሰው ከነልጁ ደጅ ወጥቶ በሚያይበት ጊዜ፣ አባቴ የከብት ከታቢ ነበር። መርፌና መድኃኒት የያዘ የቆርቆሮ ሣጥን ከኋላው አስሮ፣ አንድ ቀን ቦምቤ፣ ሌላ ቀን ሁምቦ ቆላ እየወረደ የሰው ላምና በሬ ይከትባል። ሞተር ሳይክሉ ጥቁር ነበር፣ የመንግሥትም ነበር። ይህችን "የመንግሥት" የምትል ቃል እናቴ በቀን አሥር ጊዜ ስለምትደጋግማት፣ መንግሥት ማለት አንድ ቀን ድንገት መጥቶ ሞተሩን ዞሮ የሚያይ ትልቅ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ጭረት ካገኘ አባዬን ያባርረዋል፣ እኛም ጓዛችንን ጠቅልለን አባዬ የተወለደበት ቦምቤ ገጠር እንገባለን፣ ትምህርት የሚባል ነገር ያበቃል። እናቴ ይህን የምትለን እጃችንን እንድንሰበስብ ብላ ይሆናል፤ እኛ ግን እንደ ወንጌል ነበር የተቀበልነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤታችን ሁለት ሕግ ነበረ፤ ሞተሩ ይታጠባል፣ ወላይትኛ መናገር ይቀራል። ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር አባዬ እንድንለማመድ ብሎ ነው፤ የሚገርመው ከሁላችን የባሰ አማርኛ የእሱ ነበር። ታላቅ እህቴን "አስቴር፣ ውኃ ይዘህ ና" ይላታል፤ እኛ ሳቃችንን በመዳፋችን አፍነን እንታዘዛለን። ክሪክ ስላልነበረው የራሱ ዘዴ ነበረው። ሞተሩን በመቆሚያው ያቆምና ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ በሙሉ ክብደቱ ወደ ታች ይጫነዋል፤ የፊቱ ብድግ ሲል አስቴር የዝግባ ጉማጁን ከሞተሩ ሥር ትገፋለች፣ ጎማው አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የእኔ ተራ ነው። እኔ ጎማውን በጣቴ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ፣ እሱ ላምባ የነከረውን የእንሰት ቃጫ ይዞ የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይጠርጋል፣ ጭቃው እየተላጠ ይወርዳል፣ ዳሞታ ተራራ አናት ላይ ደመና ይሰበሰባል፣ እሱ በአፍንጫው መዝሙር ያንጎራጉራል። በሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም፤ ባለቤቴም ያውቀዋል።

በዚያ ክረምት አባዬ ከሁምቦ ወባ ይዞ ተመለሰ። ያለንን ልብስ ሁሉ ደርበንለት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ዝናቡ እንጨቱን ስላረጠበው እናቴ እሳቱ እንዳይጠፋባት የዝግባውን ጉማጅ ፈልጣ አነደደችው። ቅዳሜ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ከአልጋ ለመነሣት ግን አቅም አልነበረውም፤ ሰኞ ደግሞ የከብት በሽታ ገብቷል ተብሎ ሁምቦ ይጠበቃል። ሞተሩ እስከ መሪው በጭቃ ተለስኖ በረንዳው ጥግ ቆሟል። "እኛ እናጥብለት" ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአስቴር እውነቱን ለመመስከር ነው የምጽፈው፤ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ሐሳቡ ግን የእኔ ነው።

ጉማጅ የለም። ድንጋይ እንዳናደርግ ሞተሩን ይጭረዋል፣ መንግሥት ያየዋል። ጓሮ ዞር ብንል፣ እናቴ በዚያው ሳምንት የፋቀችው እንሰት ድብልብል ሥሩ ተቀምጦ አገኘነው፤ ነጭ፣ ከባድ፣ ከላይና ከታች ተቆርጦ ልክ እንደ በርጩማ የተስተካከለ። ሌላ አገር ያደገ ልጅ ሣጥን ወይም ጡብ ይፈልግ ነበር፤ የወላይታ ልጅ ግን ለሁሉ ነገር የሚታየው እንሰት ነው፤ እንበላዋለን፣ እንጠቀልልበታለን፣ እናስርበታለን። ሲጫኑት ውኃ እንደሚያወጣ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር፤ እናታችን ስትፍቅ ውኃው ሲንጠባጠብ እያየን ነው ያደግነው። ማወቅና ማሰብ ግን ለየቅል ናቸው።

አስቴር ዕቃ መጫኛው ላይ ተንጠለጠለች፣ እኔ ሥሩን ገፋሁ፣ ጎማው ተነሣ። ግማሹን ያህል እንዳጠብን እጄ አላርፍ አለኝና ጎማውን በኃይል አሽከረከርኩት፤ ሽቦዎቹ ጠፍተው አንድ ብርሃን ብቻ ሲሆኑ ማየት እወድ ነበር፣ አባዬ ደግሞ ይህን አይፈቅድም። በዚያ መሐል ከሥር ጭርር የሚል ነገር ሰማሁ። የእንሰቱ ሥር ውኃውን ተፍቶ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፤ ሞተሩ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ በአንድ ጊዜ፣ በቀኝ ጎኑ ወደ እኔ መጣ። አስቴር በቀሚሴ ይዛ ጎተተችኝ። መሪው የበረንዳው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጥርሴ ውስጥ አለ።

እናቴ ወንዝ ወርዳ ነበር፣ አባዬን መድኃኒቱ አስተኝቶታል፤ ማንም አልመጣም። በአጥር እንጨት እየፈነቀልን፣ እያለቀስን፣ እንደምንም አቆምነው። ጭረቱን ጭቃ ቀባነው። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን የፊት ፍሬን እጀታ ብጨብጠው ፍሬኑ ይይዛል፤ ተመስገን ልል ስል ግን ከእጀታው ሥር የሚወጣውን ገመድ አየሁት። ድንጋዩ ላይ ተቀጥቅጦ ክሮቹ ተበጣጥሰዋል፣ ሁለት ወይ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ብቻ ይዘውታል። አስቴር አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ቃጫ አንሥታ ጠቀለለችበትና ጭቃ ለጠፈችበት። "ዝም አይነቅዝም" አለችኝ፣ አስተማሪዋ የሚሉትን ተረት ይዛ፤ "ከተናገርሽ ቦምቤ ነን።"

ማታ እናቴ ያንኑ የእንሰት ሥር ቀቅላ አቀረበችልን። የሞተሩ ግርጌ ያጎደጎደውን ወገን እኔ አስቀድሜ በቢላ ቆርጬ ለጥጃው ጥዬው ነበር፤ ላምባው ግን ከዚያ አልፎ ገብቷል። እናቴ ቀመስ አድርጋ፣ "ይሄ ነገር ላምባ ላምባ ይላል ልበል?" አለች። አባዬ ከሦስት ቀን በኋላ ገና አፉን ለምግብ መክፈቱ ስለነበር፣ ጣፋጭ ነው ብሎ በላ። እኔና አስቴር በደላችንን ጎርሰን ጎርሰን ጨረስነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው ቀና ባሉ ቁጥር እኔን የሚያዩ መሰለኝ። ከሶዶ ወደ ሁምቦ የሚወስደው ቁልቁለት ዓይኔ ላይ ነው፤ አባዬ አንድ ቀን ከፊቱ አስቀምጦ ወስዶኝ ስለነበር እያንዳንዱን ኩርባ አውቀዋለሁ፣ ፍሬን የት የት አጥብቆ እንደሚይዝም አውቃለሁ። ብናገር ቦምቤ፣ ዝም ብል ገደል። እግዚአብሔር ፍሬኑን እንዲጠግነው አልለመንኩም፤ ሰኞን እንዲዘለው ነው የለመንኩት። ሰኞ ግን መጣ።

ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። አባዬ እግሩ እየተንቀጠቀጠ የቆርቆሮ ሣጥኑን አሰረ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመና እጁን ራሴ ላይ ጭኖ፣ ቅዳሜ ባይሆንም ሊያስቀኝ ብሎ በዚያ አማርኛው፣ "ሞተሩን ማን እንዳጠበ ሰምቻለሁ፣ ጎበዝ ነህ" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ፣ "ፍሬኑ" ማለት። በረንዳው ላይ የቆመችውን አስቴርን አየሁ፣ አፌን ዘጋሁ። እሱ የሳቅሁ መስሎት ሳቀና ጉሙ ውስጥ ገባ።

ወሬው የደረሰን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጥጃ ገብቶበት፣ ፍሬን ይዞ፣ አልቆም ብሎት ገደሉ ውስጥ ወድቋል፤ የሁምቦ ሰዎች በቃሬዛ አውጥተው፣ በሚያልፍ የጭነት መኪና ኦቶና ሆስፒታል አድርሰውታል። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ እንዳልነበረ ሆኖ ስለተሰባበረ፣ የቱ ቀድሞ የቱ ኋላ እንደተበጠሰ ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም፣ ከሁለት ልጆች በቀር። የፈራነው መንግሥትም አልመጣም። የመጣው አንድ ቀጭን የቢሮ ሰውዬ ነበር፣ ለበሽተኛው ስኳር ይዞ፣ "ዋናው ሕይወት ነው፣ ብረት ይተካል" እያለ። ማንም ከሥራ አልተባረረም፣ ማንም ቦምቤ አልገባም። ያን ሳስብ ይብስብኛል፤ ለካ ብናገርም ምንም አንሆንም ነበር።

አባዬ ተረፈ፣ እግሩም ድኖ በትንሹ እያነከሰ መራመድ ጀመረ። ያልዳነው ሌላ ነገር ነው። ለሚጠይቁት ሁሉ የሚመልሰው አንድ መልስ ነበር፤ "ያዝኩ፣ እጄ ግን አልታዘዘኝም። ወባው እጄን ወስዶታል።" ሲጨብጥ እጀታው ባዶ እንደሆነበት፣ ጉልበት ከጣቱ እንደሸሸ፣ እንዲያ ነበር የገባው። የሁምቦ ባለከብቶች "የእሱ እጅ ቀላል ነው፣ ላሟ እንኳ አታውቅም" የሚሉት ሰው፣ መርፌ እንዳይሰበርበት፣ የሰው ላም እንዳይገድል ፈርቶ ክትባቱን ተወና ዕቃ ቤት ይመደብልኝ ብሎ ለመነ። ሻዩን በግራው ይጠጣል። የልጅ ልጆቹን ሲሰጡት ቁጭ ብሎ ጭኑ ላይ ነው የሚያስቀምጣቸው፣ ቆሞ አቅፏቸው አያውቅም። ቀኝ እጁን ለሰላምታ መስጠት አፍሮ፣ ከሰው ጋር በመጎንበስ ብቻ ይሰነባበት ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ እንደዚያ ሰኞ ጠዋት አፌ ይዘጋል። አስቴር ትዳር ይዛ ርቃ ሄደች፤ ስንገናኝ ሁሉን እናወራለን፣ ያን ቅዳሜ ግን አንድም ቀን አላነሣነውም። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የእኔን ዝምታ አላየም።

የነገርኩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ታምሞ እኔ ቤት ተኝቶ ሳለ ነው። ጥፍሩን እየቆረጥኩለት ነበር፤ ቀኝ እጁን በእጄ ይዤ፣ ቀና ብዬ ሳላየው፣ ከጎማው ጀምሬ እስከ ገመዱ ድረስ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ቁጣውን ጠበቅሁ፣ እርግማኑንም ጠበቅሁ። አባዬ እጁን ከእጄ አውጥቶ ጨበጠው፣ ዘረጋው፣ መልሶ ጨበጠው።

"እንግዲያው እጄ ደህና ነበር?" አለኝ፣ በራሳችን ቋንቋ።

"ደህና ነበር፣ አባዬ።"

ስለ ሞተሩ አልጠየቀኝም፣ ስለ እግሩም አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ወር ነው። ሊጠይቀው የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን፣ ሰዎቹ እስኪገረሙ ድረስ በቀኝ እጁ አጥብቆ ይጨብጥ ነበር። እኔ ራስጌው ቆሜ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መጥተው ሳይጨብጣቸው የሄዱትን እቆጥር ነበር።