አረንጓዴ ክር የታሰረበት ፊልም

ብርነሽ ቶለሳ ጉለሌ ውስጥ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በፈትሏና በግትርነቷ። በፈትሏ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይምላሉ። ግትርነቷን ደግሞ የምትሠራበት ሆስፒታል የንብረት ኃላፊ አቶ ይገዙ ሲያማርሩት ኖረዋል። ቀረብ ብሎ ላያት ግን ሁለቱም አንድ ጠባይ ናቸው፤ የጀመረችውን ክር ሳትጨርስ እንዝርቷን አታስቀምጥም።

ሆስፒታሉ የቀጠራት ወለል እንድትወለውል ነበር። የራጁ ጨለማ ክፍል ሠራተኛ ሲታመም «እስኪሻለው ያዢለት» አሏት። ሰውየው ሳይመለስ ቀረ፤ እሷም በዚያው ቀረች። ፊልሙን ከመድኃኒቱ ገንዳ እያወጣች ታጥባለች፣ ሽቦ ላይ ታሰጣለች። ያኔ ቁጥር ገና አልለመደችም ነበርና የአንዱ ፊልም ከሌላው እንዳይቀላቀልባት ጥጉን በመርፌ እየበሳች ባለቀለም ክር ታስርበታለች፤ ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ሰማያዊ። ቁጥር ከለመደች በኋላም ይህን ልማዷን አልተወችም።

ከሁሉ የሚማርካት የራስ ፊልም ነበር። ሐኪሙ አንገት ላይ ባለው የደም ሥር መድኃኒት ወግቶ ሲያስነሣ፣ የአንጎል ሥሮች በአጥንቱ መሀል ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ለሌላው ሰው ዝብርቅርቅ ነው፤ ለብርነሽ ግን ፈትል ነው። የቱ ጋ እንደቀጠነ፣ የቱ ጋ እንደተጠማዘዘ፣ የቱ ጋ ጉጥ እንዳወጣ ዓይኗ ወዲያው ይለየዋል። በሽታው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ አውቃለሁ ብላም አታውቅም።

በ1955 ዓ.ም. ባሏ ዋቅጋሪ ፊቱ ባንድ ወገን ተጣመመ፣ ምላሱም ተሳሰረ። ፊልም ተነሣ። አረንጓዴ ክር ያሰረችው ለእሱ ብቻ ነበር። ተሻለውና ሥራውን ቀጠለ፤ ዓመት አልፎት ግን ዳግመኛ ወደቀ። ዶክተር ብርሃኔ አዲሱን ፊልም መብራት ላይ ሰቅለው አዩና «ይሄ ሥር ድሮም ጠባብ ነበር ወይስ አሁን ነው የጠበበው? እስቲ የአምናውን አምጡልኝ» አሉ።

የአምናው የለም። የሆስፒታሉ ደንብ ነው፤ ዓመት የሞላው ፊልም በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ሥዕሉ ይለቅና ጥርት ያለ ላስቲክ ይሆናል፤ ሠራተኛውም በመስታወት ፋንታ ለመስኮቱ ይወስደዋል። የምትዘፈዝፈው ደግሞ ራሷ ብርነሽ ነበረች፤ ክምሩን አንድ ላይ ጨምራ፣ የማን የማን መሆኑን ሳታይ። ዋቅጋሪ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ፊልሙ ቢገኝ ይድን ነበር ወይ ብላ ማንንም አልጠየቀችም። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ቤቷን ስታጸዳ፣ በዚያው ዓመት መስኮቷ ላይ የቸነከረችውን ላስቲክ ልትወለውል የያዘውን እንጨት ነቀለች። ከእንጨቱ ሥር፣ ከላስቲኩ ጥግ፣ አረንጓዴ ክር ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ስትነሣ ግን ቆርጣ ነበር፤ ከእንግዲህ የራስ ፊልም በእሷ እጅ አይዘፈዘፍም።

ከዚያ ወዲህ ዓመት የሞላውን የራስ ፊልም ሁሉ በነጠላዋ እየጠቀለለች ጉለሌ ታወጣና ከጥጥ ጆንያዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። አቶ ይገዙ ሠራተኛውን ሰብስበው «የመንግሥት ንብረት ይዞ የወጣ ሌባ ነው፤ በዚያው ቀን ይባረራል» ሲሉ ከፊት ቆማ ሰምታለች። ሌላ መተዳደሪያ የሌላት መበለት ናት፤ ፈርታለች። እየፈራች ግን አራት ዓመት ሙሉ ወሰደች።

በ1960 ዓ.ም. ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች የምትሸጥ ደራርቱ የምትባል ሴት ከነሸክሟ መንገድ ላይ ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ባለፈው ዓመት ራሷን አሟት ፊልም ተነሥታ ነበር፤ አንዱ ሥር ላይ ትንሽ ጉጥ ታይቶ «እንጠብቅ» ተብላ ተሸኝታለች። አሁን ዶክተር ብርሃኔ አዲሱን ፊልም እያዩ ተጨነቁ።

«ጉጡ ካደገ ሊፈነዳ ነው፤ አንገቷ ላይ ሥሩን ማሰር አለብኝ። ካላደገ ግን ማሰሩ ራሱ ሽባ ሊያደርጋት ይችላል። ምነው የአምናው በኖረ!»

አቶ ይገዙ በሩ ላይ ነበሩ። «ታጥቧል ዶክተር፤ ደንቡ ነው» አሉ።

ብርነሽ እርጥብ ፊልም እንደያዘች «አልታጠበም፤ እኔ ቤት ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሰርቄ ወስጄዋለሁ፣ አቶ ይገዙ። ማባረሩ ስመለስ ይደርሳል። አሁን ማኪና ይዘዙልኝ።»

«ለሌባ ማኪና የለም!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በእግሯ ወጣች። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው፣ እንዴትስ እንደወረደችው ኋላ ስትጠየቅ አታስታውሰውም፤ ብቻ ጫማዋ ተበጥሶ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ፣ ፊልሙን በነጠላዋ ጠቅልላ ተመለሰች። ዶክተሩ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀሏቸው። አምና ምስር ታክል የነበረችው ጉጥ ዘንድሮ ሽንብራ አክላለች። «ለነገ ጠዋት አዘጋጇት» አሉ።

ደራርቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይኗን ስትገልጥ ብርነሽ አጠገቧ ነበረች። ጣቷን በቀኟም በግራዋም አስጨበጠቻት፤ ሁለቱም እጆቿ ጠበቅ አድርገው ያዙ። ደራርቱም በደከመ ድምፅ «እትዬ፣ እንጨቴን ማን አነሣው?» አለች። ብርነሽ ሳቀች፤ ዋቅጋሪ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

የማባረሪያው ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ዶክተር ብርሃኔ ሁለቱን ፊልሞች ይዘው ዳይሬክተሩ ዘንድ ገቡ፤ ሲወጡ ደብዳቤው ተቀድዶ፣ ለራስ ፊልሞች ማስቀመጫ አንድ ቁም ሣጥን ከነቁልፉ ተፈቅዷል። በማግስቱ ብርነሽ ጆንያዋን ተሸክማ መጣች። አርባ ሦስት ፊልም ነበር፤ አቶ ይገዙ እያጉረመረሙ መዝገቡን ከፈቱ።

መጀመሪያ የሰጠቻቸው ግን ከጆንያው ያወጣችውን አልነበረም። በነጠላዋ ጠቅልላ ለብቻው የያዘችውን ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አገላበጡት።

«ይሄ ባዶ ላስቲክ ነው እኮ፣ ብርነሽ። ምንም የለበትም።»

«ክሩን አይተውታል?» አለች። «የዋቅጋሪ ነው። አንደኛ ብለው ይመዝግቡት።»

አቶ ይገዙ ጥግ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ክር አዩ፤ ብርነሽንም አዩ። ከዚያ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙን ጻፉ።