ጉንፋንና ታላቅ ወንድሙ

ከጣርማ በር የወጣን ለት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ ባለቤቴ አስካለ የቤቱን በር ሦስት ጊዜ ዘግታ ሦስት ጊዜ ከፈተችው። «ሴትዮ፣ ቤቱ አይከተለንም፣ ነይ!» አልኳት። በጎቻችንን በሽታ ፈጅቶብን፣ የቀረን ከጠጉራቸው የሠራነው ባና ብቻ ነው። እሱን ብርድ ለማያውቁ የቆላ ነጋዴዎች ልንሸጥ ወደ ዓልዩ አምባ ወረድን።

ኬላው ላይ ጠባቂው ስስል ሰማኝ።

«ምን ይዘሃል?»

«ባና።»

«ሌላስ?»

«ጉንፋን።»

«ለጉንፋን ቀረጥ የለንም፣ እለፍ!»

አፍንጫዬን እየጠረግሁ አምስት ቀን ገበያ ዋልኩ፣ ጉንፋኑም ለቀቀኝ።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ውኃው ለብ ያለ፣ ቅቤው ፈሳሽ ነው። አንድ ጥዋት አስካለ ጠጉር ስትፈትል ቆይታ፣ እኩለ ቀን ላይ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ራሴን፣ ወገቤን፣ አጥንቴን አለች፤ ገላዋ ፍም ሆነ። ጉንፋን ነው ብዬ እንደ አገራችን ደንብ በሁለት ባና ጠቀለልኳት። «አገሬ አውጣኝ» ብትለኝ በቅሎ አመጣሁ። ይኸኔ ቤት ያከራየን ሐጂ ኑሩ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አንተ ደገኛ፣ ሴትዮዋን ልትቀቅላት ነው?»

«ጉንፋን ነው፣ በላብ ይወጣል።»

«ጉንፋንማ ጉሮሮ ከርክሮ፣ አስነጥሶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። አንተ ይዞህ ገበያ ስትውል አልነበር? ይሄ በግማሽ ቀን የጣላት ታላቅ ወንድሙ ነው። ወላሂ፣ ያን ዳገት ካወጣሃት መንገድ ላይ ትቀብራታለህ!»

«ሚስቴን ከኔ በላይ ታውቃታለህ?»

«በሽታውን አውቀዋለሁ። እናቴን ወስዷል።»

ባናውን ገፈፍኩ፣ በቅሎዋን መለስኩ፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ አጥሚት ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ሐጂ ኑሩም ማር ይዞ መጣ። «ሥጋችንን አትበሉም፤ ማር ግን ሃይማኖት የለውም» አለ።

በሰባተኛው ቀን «ራበኝ» አለች። እኔም ወደ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ። ሳሉ ወር ቆየ፤ ጉልበቷ ዛሬም ዳገት አይችልም። እናንተም አፍንጫ የሚያስጠርገው ሲይዛችሁ ሥሩ፤ ባንዴ የሚጥለው ሲመጣ ግን ተኙ፣ እንደኔ አትድረቁ።

አሁን ደጃፍ ትቀመጣለች። ከአንኮበር የወረደ ሰው ሲያልፍ ትጠራዋለች።

«ልጄ፣ ላይ ውርጭ አለ?»

«አለ እማማ፣ ክፉ ነው።»

ደስ ይላታል። እኔም ደስ ይለኛል፤ አልነግራትም እንጂ። ብነግራት «እንውጣ» ትላለች፤ እኔም እንቢ የምል አይመስለኝም።