ሰዓዳ ሳትጨርሰው የሄደችው ለውጥ

መቐለ ውስጥ በአንድ የደም ባንክ የዳታቤዝ ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት ቀን፣ ከእኔ በፊት የነበሩት አቶ ገብረመድኅን ወንበሩን ገና ሳያስረክቡኝ አስጠነቀቁኝ። "ዳታቤዙ ለራሱ የሚይዛቸው የውስጥ ሠንጠረዦች አሉ። ማን ምን እንደያዘ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ለማየት የተዘጋጀልሽ መስኮት አለ፤ በዚያ እዪ። እጅሽን ከከተትሽ ግን የትኛው ከረጢት የማን ደም እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።"

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ አንዴ የያዝኩትን አልለቅም።

ከዓመታት በኋላ የአንድ ባልደረባችን አባት አረፉ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ሲባል ሰው እንደተቀመጠ ነው የሚነሣው፤ ነጠላውን ጎትቶ ይወጣል። የጀመሩትን መጨረስ ማን ትዝ ይለዋል! ቢሮው ውስጥ እኔና ኃላፊያችን አቶ ኪሮስ ተረኛ ሆነን ቀረን።

ቀትር ላይ ከሆስፒታል ተደወለ። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ኦ ኔጌቲቭ ያስፈልጋታል። ማቀዝቀዣችን ውስጥ የነበረው አንድ ከረጢት ብቻ ነው። ስክሪኑም "ለመስጠት ዝግጁ" ይላል። አቶ ኪሮስ የመውጫ ፈቃዱን ሊያትሙ ሲሉ ሲስተሙ ቀጥ አለ።

"ይታያል እኮ!" ብለው ጮኹ። "የሚታይ ነገር እንዴት አይወጣም?"

"ሌላ ሰው እየለወጠው ነበር፤ ሳይጨርስ ትቶታል" አልኳቸው።

ዳታቤዝ እንዲህ ነው። አንዱ እየጻፈ ሌላው ቢያነብ፣ ለአንባቢው የሚታየው ቀድሞ የጸደቀው ነው። አዲሱ "አጽድቅ" እስኪባል ድረስ ለሌላ ሰው አይታይም፤ እስከዚያው መረጃው የተመዘገበባትን መስመር ሌላ ሰው ሊለውጣት አይችልም።

"ታዲያ ውስጥ ግቢና መቆለፊያውን ሰርዢው! ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል?"

"አልገባም።"

"በጃኺ ሓፍተይ፣ እባክሽ እህቴ፣ ሴትዮዋ እየሞተች ነው!"

እኔም እናት ነኝ። ለማየት በተዘጋጀልኝ መስኮት ሳይ መስመሩን የያዘው የሰዓዳ ኮምፒዩተር ነው። ሰዓዳ ከወሎ መጥታ እዚህ የከረመች የላብራቶሪ ባለሙያችን ናት። ስክሪኗ በይለፍ ቃል ተቆልፏል። የእሷን ግንኙነት ለማቋረጥ የውስጥ ሠንጠረዥ መንካት አያስፈልገኝም፤ ሥልጣኑ አለኝ። ካቋረጥኩት ግን የጀመረችው ለውጥ ይጠፋል፣ ከረጢቱም እንደነበረው "ዝግጁ" ሆኖ ይቀራል። ምን ልትጽፍ እንደነበር ደግሞ አላውቅም።

"ሳልጠይቃት አላቋርጥም" አልኩ። "እርስዎ ቁሓ ሆስፒታል ይደውሉ፤ ሌላ ከረጢት ይፈልጉልን።"

"ባይገኝስ?"

"ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

ሰዓዳ ስልክ አታነሣም፤ ለቅሶ ላይ ማን ያነሣል? ባጃጅ ይዤ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ የለቅሶው ድንኳን ድረስ በረርኩ። ከሴቶቹ መሃል ጎትቼ አወጣኋት።

"ያችን ኦ ኔጌቲቭ ምን እያደረግሻት ነበር?"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወላሂ፣ ረስቼው! እንዳይሰጥ እያልኩ ነበር እኮ። በድጋሚ ምርመራው የጉበት ቫይረስ ተገኝቶበታል።"

እዚያው ቆሜ ለአቶ ኪሮስ ደወልኩ። "እንዳይሰጡት፣ ደሙ በሽታ አለበት!" "ከቁሓ ሌላ ተገኝቷል፣ እየመጣ ነው" አሉኝ።

ሴትዮዋ ተረፈች። በማግስቱ አቶ ኪሮስ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

"ቁልፉ እኔ ጋ ቢሆን ኖሮ ገብቼ ነበር" አሉኝ።

"ለዚህ እኮ ነው እርስዎ ጋ የሌለው" አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው፦ ስክሪን የሚያሳያችሁ ሰው ጨርሶ ያጸደቀውን ብቻ ነው። መስመር ተይዞ ካገኛችሁት፣ ከማስለቀቃችሁ በፊት የያዘውን ሰው ጠይቁት።