ኮቱ ውስጥ የተጠለፈው ስም

አንድ አመል አለኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ኮት እወዳለሁ። ያውም ገንዳ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ፣ ላብ ከራስ ፀጉር እስከ እግር በሚወርድበት አገር፣ የሱፍ ኮት። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ጎረቤቶቼ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሰልባጅ ተራ ነኝ... ክምሩ ላይ ተደፍቼ።

ድንበሩ ሲከፈት በሱዳን በኩል ከሚገባው ልብስ መሃል አንዳንዴ ጉድ የሆነ ኮት ይገኛል። የቆላ ሰው አይፈልገውም። የሚገዛው ሰሊጥ አጭዶ ወደ ደጋ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው ነው፤ እሱም የሚያየው ውፍረቱን ብቻ ነው። እኔ ግን ገልብጬ ገበሩን አያለሁ። ቁልፉ የቀንድ ነው ወይ? የእጅጌው ቁልፍ የእውነት ይፈታል ወይስ ለይምሰል የተሰፋ ነው? ከዚያ ጨርቁን በጡጫዬ ጭምቅ አድርጌ እለቀዋለሁ። ጥሩ ሱፍ ማንም እንዳልነካው ተመልሶ ቀጥ ይላል።

ከጥቂት ዓመት በፊት እንዲህ ስፈልግ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አገኘሁ። ከውስጥ ኪሱ በላይ በወርቃማ ክር ስም ተጠልፎበታል። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት... ኤድሞን ቫርሌ።

እርሻ ካምፕ የሠራ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ብዙ ሠራተኛ አንድ ዳስ ውስጥ ስለሚያድር፣ እንዳይቀያየር ሁሉም ስሙን ብርድ ልብሱ ላይ በክር ያስጠልፋል። እኔም ትራክተር በምነዳበት ጊዜ ሚስቴ በቀይ ክር «ካሳ» ብላ ጠልፋልኝ ነበር። «ሳ»ዋ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ያለች ናት። የኤድሞን ሚስት ግን እጇ እንዴት ያለ ነው አልኩ። አንድ ፊደል እንኳ አልተዛነፈባትም።

ሰውየው ሞቶ ልብሱ እንደተበተነ ገመትኩ። የሰው አገር ሰው... አስታዋሽም ላይኖረው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስጸልይ የሚስቴን ስም ጠርቼ «ኤድሞንንም አስበው» እላለሁ። በሚስቴ ሙት ዓመት ላይ የሱንም ስም አብረው እንዲጠሩልኝ ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ክርስትና ስሙን ቢጠይቁኝስ ብዬ ተውኩት።

ቆይቶ ሌላ ኮት አገኘሁ፤ ግራጫ። ስሙን ባየው ኤድሞን ቫርሌ። ለካስ ሰውየው ባለ ብዙ ኮት ኖሯል። ግን ይኸኛው ከመጀመሪያው ጠበብ ይላል። ሚስቴ ስትታመም ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋት፣ እንዲያጠባቸው ልብስ ሰፊ ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ። ታሞ ነበር ማለት ነው አልኩ። ሚስቱ ደግሞ የጠበበው ላይ ስሙን እንደገና ጠልፋለት... ይኸን ሳስብ ጸሎቴ ረዘመ።

ባለፈው ቅዳሜ አልጋነሽ አዲስ የልብስ ቦንዳ ፈታች። አልጋነሽ ሰልባጅ ሻጭ ናት፤ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ምላሷ ግን ከኔ የበለጠ ዘመን የኖረ ይመስላል። ከመሃሉ አንድ ቡናማ ኮት ሳብኩና ገለበጥኩት... ኤድሞን። ልኩን አየሁ። የቀጭን ጎረምሳ ልክ ሆኗል። አለቀ ሰውየው። ኮቱን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ፤ ዓይኔም ሞላ።

«አያ ካሳ፣ ምን ሆኑ? ፀሐይ መታዎ?»

«የለም... ይኸን ሰው አውቀዋለሁ።»

ማንን ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። የመጀመሪያውን ኮት፣ ሁለተኛውን፣ ሕመሙን፣ ሚስቱን። የቦንዳውን ገመድ እንደያዘች ሰማችኝ። አጠገባችን ኮት የሚለካ የጎጃም ሳሉግ ነበር፤ እሱም አንድ እጁን እጅጌ ውስጥ እንደከተተ ቀረ።

አልጋነሽ ወደ ክምሩ ጎንበስ አለችና ክራባት አወጣች። ጀርባውን አሳየችኝ። ኤድሞን ቫርሌ። ቀበቶ አወጣች። ኤድሞን ቫርሌ። ሳሉጉ የሚለካውን ኮት ገለጥ አድርጎ አየና እንደ ጥፋተኛ ቀና አለ... ያው ወርቃማ ክር።

«ልብሱን የሚሠራው ቤት ስም ነው፣ አያ ካሳ። በሠሩት ሁሉ ላይ ያደርጉታል።»

«ሚስቱስ?»

«የምን ሚስት ነው አንቱ ደግሞ፤ የስፌት መኪና ነው።»

ሳሉጉ አፉን በእጅጌው ይዞ፣ «ታዲያ ያለቀሱት ለስፌት መኪና ነው?» አለ። አልጋነሽ በዓይኗ ገሠጸችው፤ የሷም ትከሻ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ሕመሙን የማውቅለት፣ ሚስቱን የማመሰግንለት ሰው ነበረኝ፤ በአንድ ክራባት ጠፋ። ያንን ሰፊውን ኮት የለበሰው ታዲያ ማን ነበር? ጠባቡንስ? ተያይተው የማያውቁ ሰዎችን እኔ አንድ በሽተኛ አድርጌያቸው ኖሬያለሁ።

ቤቱ በስሙ የተጠራው ኤድሞን ራሱ በሕይወት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ስልኳን አውጥታ ነካካች፤ ኔትወርክ የለም። «እኔ ምኑን አውቄ» አለች፣ «ግን ልብሱ በየዓመቱ ይመጣል። ሳይኖር አይቀርም።»

ቡናማው ኮት ለኔ አይሆንም፤ ለሳሉጉ ግን ልክክ አለለት፤ ለበሰውና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ቆምኩ። ሚስቴን ጠራሁ። ከሷ ቀጥዬ ኮቶቹን ይለብሱ የነበሩትን፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች አሳሰብኩ። ኤድሞንን ግን ከሙታኑ አውጥቼ ከሕያዋኑ ጋር አደረግሁት... በቁሙ ስለገደልኩትም ይቅርታ ጠየቅሁ።