ፋብሪካችን የተዋሐደ ሰሞን

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ አልቆ በሩ ላይ ጫማችንን ስናጠልቅ፣ ልጄ ናታን ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «ማማ፣ ፉሹን በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ነበር። እንደዚያው ቆሜ ቀረሁ። ናታን መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የመኪናን ሁሉ ዘር ማንዘር የሚያውቅ ልጅ ነው። የሚያነበው ወሬ፣ ለማንም አልሸጥም ሲል የኖረ አንድ ትንሽ የቅንጡ መኪና ሠሪ በመጨረሻ ከትልቅ ኩባንያ ጋር አንድ ሊሆን ነው የሚል ነበር። ለእሱ ተራ ወሬ ነው፤ እኔን ግን ክው አደረገኝ። ቶሎ ዞር ብዬ ጋሽ ሙሉጌታ አጠገባችን መኖር አለመኖራቸውን አየሁ። ደግነቱ ገና አልወጡም። ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ይጠብቋቸዋል።

«ቆይ፣ እነግርሃለሁ» አልኩት። ያን ቃል አንድ ጊዜ በአማርኛ ሲተረጎም ሰምቼ ነበር፤ ያስከተለውን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ኦስሎ የገባሁት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ቋንቋውን በቅጡ ሳልይዝ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ግሩነርሎካ በሚባል ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ካለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ዛሬ ምድር ቤቱ ካፌ ሆኗል፤ ከላይ ያሉትን ክፍሎች ዋጋ ስሰማ ደግሞ ሰው ቤት ነው ወይስ ወንዙን የሚገዛው እላለሁ። ያኔ ግን መኪና ይሠራበት ነበር። እንደ ዳቦ እየተጋገረ የሚወጣ መኪና እንዳይመስላችሁ። አንዱን ለመጨረስ ወራት ይፈጃል፤ የሚገዛውም ሰው መጥቶ ቆዳውን በእጁ ዳስሶ ነው የሚያዝዘው። የፋብሪካው ባለቤት አርነ የሚባል ሽማግሌ ሲሆን፣ የአባቱ ስም በእያንዳንዱ መኪና አፍንጫ ላይ በብር ተጽፎ ይለጠፍ ነበር። ኖርዌይኛ አንቱታ ስለሌለው እኔም እንደ ሌላው ሰው አንተ ማለት ለመድኩ፤ መጀመሪያ አካባቢ ግን አፌ እምቢ ይለኝ ነበር።

እኔ የወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ቆዳውን የሚቆርጡልኝ ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ። የቆሎ ተማሪ ሳሉ ብራና መፋቅ ተምረው ስለነበር እጃቸው ቆዳ ያውቃል። ከመቁረጣቸው በፊት መዳፋቸውን ዘርግተው ቀስ አድርገው ያብሱታል። «ይሄኛው በሬ አጥር ይወድ ነበር» ይሉና ጭረቱን ያሳዩኛል። ክፍሉ ሙጫና ቫርኒሽ፣ ምድጃው አጠገብ የተሰቀለውም የረጠበ ካፖርታችን ይሸታል። ምሳ ሰዓት አርነ አጠገባችን ይቀመጥና ቡናማ አይብ የተደረገበትን ዳቦውን እየገመጠ፣ ከእኛ ሽሮ ላይ በማንኪያ ይቀምሳል። የሌሎቹ ቅንጡ መኪና ሠሪዎች በየተራ በትልልቆቹ መዋጣቸውን ሲነግሩት ይስቃል። «እኛ ትንሽ ነን፤ ለመዋጥ እንኳ ጥርስ ውስጥ እንቀራለን» ይል ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሞተሩ ነው። ሁሉን ነገር በእጃችን ብንሠራም ሞተር የምንገዛው ከሌላ ነበር። ሻጩ ራሱ በሌላ ተገዛና ለትንንሽ ደንበኞች መሸጥ አቆመ። ሞተር የሌለው መኪና ያማረ ሶፋ ነው። ከዚያ በኋላ አርነ ምሳ ሰዓት መምጣቱን ተወ፤ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ቢሮው መግባት መውጣት ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ሙሉጌታ አገር ቤት የቀሩትን እትዬ ፀሐይን ለማምጣት አመልክተው ነበር። ፈቃዱን ለማግኘት ቋሚ ሥራ እንዳላቸው ማሳየት ነበረባቸው። እንደ ዕድል የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ አመሩድ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋሚ የቫክትሜስተርነት ሥራ፣ ማለትም ሕንፃውን የመጠበቅና የመጠገን ሥራ፣ ሰጥቷቸው መልሳቸውን ይጠብቃል። እሳቸው ደግሞ ቆዳቸውን ይወዳሉ። «ፋብሪካው የሚዘጋ ከሆነ እሄዳለሁ፤ የሚቆይ ከሆነ ግን መጥረጊያ ምን አስያዘኝ» ይሉኝ ነበር።

ኖርዌይ ውስጥ ክፉ ወሬ በኬክ እንደሚቀርብ ያኔ አላውቅም ነበር። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ውጭ በረዶና ዝናብ ተደባልቆ ይወርዳል። ሁላችንንም የፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ ሰበሰቡን። ጠረጴዛው ላይ የሁለቱ ኩባንያዎች ዓርማ ጎን ለጎን የተሣለበት ትልቅ የማርሲፓን ኬክ ተቀምጧል። አርነ ከወንበሩ ተነሣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ቪ ፉሹኔረር» አለ። ቀጠለናም፣ «ኢንገንቲንግ ፎራንድረር ሰይ» አለ። ምንም ነገር አይለወጥም ማለቱ ነው።

ከሐበሾቹ የተሻለ ቋንቋ የሚችሉት ጋሽ ሙሉጌታ ስለነበሩ፣ እኔና ጓደኛዬ አልማዝ አፍ አፋቸውን እናያለን። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ሁሉ በራ።

«ተዋሕዶ ነው የሚለው!» አሉ። «ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ! ምንም አይለወጥም ሲል በጆሮዬ ሰማሁት እኮ!»

ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማረው የኖርነው ነገር በፈረንጅ አፍ ሲነገር የሰማን መሰለን። አልማዝ አልቻለችም፤ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተከተልኩ። ኬክ ይበላ የነበረው ሰው ሁሉ ሹካውን አንጠልጥሎ ቀረ። አርነ መጥቶ ሦስታችንንም አቀፈን። ጋሽ ሙሉጌታ ጾመኛ ስለሆኑ የደረሳቸውን ቁራሽ በናፕኪን ጠቀለሉና፣ «ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ፀሐይ ስትመጣ እንቆርሰዋለን» አሉ።

በማግስቱ ለኮሙኑ ደውለው ኔይ፣ ሥራውን አልፈልግም፣ አሉ።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ትንሽ ቢቆዩስ?» አልኳቸው።

«ሰናይት፣ እንዲህ ያለ ቃል የሰጠን ሰው ትቶ መሄድ ነውር ነው» አሉኝ። ለእትዬ ፀሐይም ደውለው ተዋሐድን ብለው አበሰሯት። እሷም ስለቷን አስገብታ፣ የተከራየችውን ቤት ለቃ፣ አልጋና ቁም ሣጥኗን ሸጣ እህቷ ቤት ተጠጋች። ያኔ አንቺ የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ አሁን ባንቱታ እንደምጠራት አትዩ።

የእኛ ገና ባለፈ በሳምንቱ ነው። ጧት ከትራሙ ወርደን ከጋሽ ሙሉጌታ ጋር በበረዶው ላይ እየተንሸራተትን ስንመጣ፣ አርነ ባዶ ራሱን በሩ ላይ ቆሟል። መግቢያ ካርዱን ማንበቢያው ላይ ያስጠጋል፤ ቀይ መብራት ይበራል። ደግሞ ያስጠጋል፤ ደግሞ ቀይ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የአባቱ ስም በትልልቁ ተጽፏል። እኔ ካርዱ የተበላሸ መስሎኝ የራሴን አውጥቼ ሞከርኩ። ቀይ። ጋሽ ሙሉጌታም ሞከሩ። ቀይ።

በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች የብር ስሞቹን አንድ በአንድ በጥጥ እየጠቀለሉ ሣጥን ውስጥ ይደረድራሉ። እንደ ሕፃን ነው የሚይዟቸው። የስፌት መኪናዬ ግድግዳው ጥግ ተገፍቷል።

«ስሙን ገዙት» አለ አርነ ወደ እኛ ሳይዞር። «መኪናው ሌላ አገር ይሠራል። እኛን አልፈለጉንም።»

«ምንም አይለወጥም ብለህ ነበር» አሉት ጋሽ ሙሉጌታ።

«እኔንም እንደዚያ ነው ያሉኝ» አለ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ጽሑፉ እያየ፣ «ስሜ እኮ ነው» አለ። «ከእንግዲህ በገዛ ስሜ መኪና ብሠራ ይከሱኛል።»

ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሁለቱም እንደ ተቀጡ ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሽ ሙሉጌታ የአንገት ልብሳቸውን ፈትተው የአርነን ባዶ ራስ ሸፈኑለት።

ኮሙኑ ያን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር። ማመልከቻቸውም ሥራ የላቸውም ተብሎ ወደቀ። ይህን ለእትዬ ፀሐይ መንገር ብቻቸውን አልሆንላቸው ስላለ፣ ፕሪንስዳል ወዳለችው ክፍላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። ያኔ ሰው ርቀቱን በድምፁ የሚያሸንፈው ይመስል ስልክ ላይ ይጮህ ስለነበር፣ እሷ የምትለው ሁሉ ለእኔም ይሰማኛል። ጋሽ ሙሉጌታ ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ፤ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ስሙ አወሩ። እትዬ ፀሐይ እስኪጨርሱ ሰማችና ጠየቀቻቸው።

«ሙሌ፣ ተዋሐድን አላልከኝም?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ማን ማንን ዋጠ?»

ኖርዌይኛ አታውቅ፣ መኪና አታውቅ። እኛ ኬኩ አጠገብ ቆመን መጠየቅ የነበረብንን ከዚያ ማዶ ጠየቀችው። ጋሽ ሙሉጌታ ስልኩን ይዘው ተንሰቀሰቁ። ትልቅ ሰው፣ ያውም እሳቸውን የመሰለ ሰው፣ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ የማደርገው ጠፋኝ፤ ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ። የማቀዝቀዣውን በር ግን መክፈት ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሙሉጌታ አውቶቡስ ሲያጥቡ ብዙ ዓመት ኖሩ። እትዬ ፀሐይ ስትመጣ የሁለቱም ፀጉር ሸብቶ ነበር፤ ልጅ መውለጃው ጊዜም አልፏል። አርነ ሌላ መኪና ሳይሠራ ሞተ።

መኪናው ግን አለ። አንድ ቀን ካፌው አጠገብ ቆሞ አየሁት፤ የአርነ አባት ስም አፍንጫው ላይ ያብረቀርቃል። በመስኮቱ አጮልቄ ወንበሩን አየሁ። ስፌቱ ደህና ነው፤ ነገር ግን የሰው እጅ የለበትም። ይህን ለናታን ብነግረው፣ «ማማ፣ ባይገዙት ኖሮ ይሞት ነበር። አሁን ብቻውን የሚተርፍ ትንሽ ኩባንያ የለም» ይለኛል። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። እኔን የሚያስደነግጠኝ የተረፈው ነገር ነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ስም ብቻውን ቤት ሲወርስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ጋሽ ሙሉጌታ ወጡ። እትዬ ፀሐይ ከዘራቸውን አቀበሏቸው።

«ምን ተገኘ? ምን ታነባለህ?» አሉት ጋሽ ሙሉጌታ ናታንን።

ላስቆመው ፈልጌ ነበር፤ ቀደመኝ። የኩባንያዎቹን ወሬ አንድም ሳያስቀር፣ ግማሹን በኖርዌይኛ እየቀላቀለ ነገራቸው። «ምንም አይለወጥም ብለዋል» ብሎ ጨረሰ።

እትዬ ፀሐይ የባለቤታቸውን ክንድ ያዝ አደረጉ። ጋሽ ሙሉጌታ ግን አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ስልኩን በቅርብ አዩት፤ ያ ቆዳ ሲያብስ የነበረ መዳፋቸው የናታን ትከሻ ላይ አረፈ።

«ሠራተኞቹ ሰምተዋል?» አሉት።

ናታን ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ፣ ገፋ፣ መጨረሻው ደረሰ። ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ስለ እነሱ የተጻፈ የለም» አለ።