ትኩሳት ያልነበራቸው ሰው

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሲስተር አልማዝ አንድ መዝገብና አንድ ቴርሞሜትር ሰጡኝ። ትምህርት ተዘግቶ ለክረምት በጎ ፈቃድ የተመደብሁት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለች ጤና ጣቢያ ነበር። «ስም፣ ዕድሜ፣ ትኩሳት ትጽፊያለሽ። የሚያተኩሰውን ቶሎ ወደኔ፤ ሌላው በተራው» አሉኝ። ነርስ ናቸው፤ ትእዛዝ አይደግሙም።

ሥራውን እንዴት እንደ ወደድሁት! ቴርሞሜትሩ ግንባር ላይ የሚደገን ዓይነት ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለት እጁን አንሥቶ «በአላህ አትተኩሺ፣ እጄን ሰጥቻለሁ!» ሲለኝ ወረፋው ሁሉ ሳቀ። በሁለተኛው ክረምት ስመለስ ደግሞ አንዳንዱ «ዶክተሯ» ይለኝ ጀመር። አላረምሁትም።

ጋሼ ሰይድ የመጡት በዚያ ክረምት ነው። የደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ጣቶቻቸው አብጠው ደንገል ማሰር አቅቷቸው እንደነበር፣ አዲስ አበባ በታዘዘላቸው መርፌ ወደ ሥራ እንደተመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ደግፈው አስገቧቸው። ለካሁ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት።

«እህል አልቀምስ ካለ ሦስት ቀኑ፤ ትንፋሹም አላማረኝ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ።

«ትኩሳት የላቸውም፣ አይስጉ። ተራ ይጠብቁ።»

ጋሼ ሰይድ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አላልሁሽም? አንቺ እኮ ሳስነጥስም ከፈን ትቆርጫለሽ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ጋሼ ሰይድ ሲስቁ ትንፋሽ አጠራቸው። አየሁ፤ ያመንሁት ግን ቁጥሩን ነው። ከአሥራ አራት ሰው ኋላ አስቀመጥኋቸው።

አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ሲስተር አልማዝ ሰው ሊጠሩ ወጥተው የጋሼ ሰይድን ትከሻ አዩ፤ ከትንፋሻቸው ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል።

«መርፌውን መቼ ተወጉ?»

«ሳምንት ሆነኝ።»

ሲስተር ሌላ አልጠየቁም። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረጉላቸው። ጤነኛ ሰው ዘጠናን ያልፋል፤ የሳቸው ሰማንያ አራት አለ። «አምቡላንስ ጥሪ» አሉኝ። ሲወስዷቸው እትዬ ዘሀራ ቀና ብለው አላዩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሳንባ ምች ነበር።

«ሲስተር፣ ትኩሳት እኮ አልነበራቸውም» አልሁ ከሰዓት በኋላ።

«ላይኖራቸው ይችላል። ጀርም ሲገባ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲን ይልካሉ፤ አንዱ ኢንተርሉኪን ስድስት ይባላል። ሌሎች ሴሎች ላይ ያለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ትኩሳት ይነሣል፣ እብጠት ይመጣል። የጋሼ ሰይድ መልእክተኛ ግን ጠላት ሳይኖር ክተት እያለ መገጣጠሚያቸውን አቃጠለው። መርፌው ተቀባዩን ቀድሞ ይይዝበታል። እጃቸው በዚህ ዳነ። ታዲያ እውነተኛ ጠላት ሲመጣም መልእክቱ አይደርስም።» ከዚያ መዝገቡን ሳቡት። «እትዬ ዘሀራ ያሉሽን ጽፈሽዋል?»

«አልጻፍሁም።»

መዝገቡን ዘግተው መለሱልኝ።

ለአሥራ ሁለት ቀን በሩ በተከፈተ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስለኝ ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ጋሼ ሰይድ ራሳቸው ገቡ፤ ከስተዋል። ሳንባቸው እስኪጠራ መርፌው ስለተቋረጠ ጣቶቻቸው እንደገና አብጠዋል።

«ጋሼ፣ ከኋላ ያስቀመጥሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ መች ነገርሁሽ? መርፌው የእጅ ነው፤ ከሳንባ ምን አገናኘው ብዬ!» አሉ። ከዚያ ያበጠ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ከበደኝ።

ዘንድሮም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። መጀመሪያ የምጠይቀው የሚወስዱትን መድኃኒት ነው። አብሯቸው የመጣው ሰው የሚለውንም እጽፋለሁ። ቴርሞሜትር የሚለካው ሙቀት ነው፤ ሕመም አይለካም።