እትዬ በየነችና የጥቁር እንጨቱ ወለል

ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤታችን ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ በነዳጅ ማደያ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር የሰባት ብዜት ይመጣብኛል። የሚዛን ተፈሪ ጭቃ በሦስት መቶ ተማሪ እግር ተጭኖ ክፍል እየገባ የጣውላውን ወለል ያበሰብሰው ስለ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ናፍጣ ይቀባል። ቀቢዋ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ በየነች ነበሩ። ጨርቃቸውን ጠቅልለው ይንበረከኩና ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ጀምረው፣ ወደ በሩ እያፈገፈጉ፣ መላውን ክፍል ያዳርሱታል። እንዲህ ወደ ኋላ ሲሄዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረው ጡረታ ወጡ።

በስንብታቸው ዕለት ርእሰ መምህሩ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ጫማቸው ጭቃ ነበር። እትዬ በየነች ከንግግሩ ይልቅ ጫማውን ሲያዳምጡ ቆዩ። ተራቸው ሲደርስ፣ «ከእንግዲህ ጉልበቴ የሚነካው የቤተ ክርስቲያን ወለል ብቻ ነው። እዚያ ቢያንስ ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል» ብለው ተቀመጡ። ያጨበጨብነው እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ብቻ ነበርን።

ልጃቸው ሕዝቅያስ ቴፒ ላይ ቡናና ኮረሪማ ይነግዳል። ዘንድሮ የእናቱን የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ወለል ላስለውጥ ብሎ ሲነሣ ያሰበው ሴራሚክ ነበር። እሳቸው ግን ጣውላ አሉ።

«እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ጣውላ ስትጠርጊ ኖረሽ አልሰለቸሽም?»

«ሰለቸኝ እንጂ! አሁን ደግሞ እኔ ልርገጠው!»

አናጢው በድሩ የጅማ ሰው ነው፤ እጁ እንደ ምላሱ የፈጠነ። ሦስት ቁራጭ እንጨት ይዞ መጣ፤ ባሕር ዛፍ፣ ዋንዛና፣ ቴፒ ውስጥ ከፈረሰ አሮጌ የቡና መጋዘን የተገኘ ጥቁር እንጨት። እኔም ጎረቤት ነኝና ከመራጮቹ አንዱ ሆኜ ቆምሁ።

«ሰው ሁሉ በመልኩ ነው የሚመርጠው፣ እትዬ። ዋንዛው እንዴት እንደሚያምር ይዩት!»

«ሰው ሁሉ ሚስቱንም በመልኳ መርጦ ነው የሚያለቅሰው» አሉና ከጓዳ ዘነዘና አመጡ። ከወገባቸው ከፍታ በየተራ ለቀቁባቸው። ባሕር ዛፉ ተሰነጠቀ። ዋንዛው ጎደጎደ። ጥቁር እንጨቱ ዘነዘናውን አንጥሮ ወደ ሕዝቅያስ እግር ሰደደው።

«ወላሂ፣ ይኼስ ሰው ለይቶ ይመታል!» አለ በድሩ።

«እሱን አንጥፍልኝ» አሉ እትዬ በየነች።

ጣውላው ተነጥፎ ካለቀ በኋላ በድሩ እዚያው ቤት ውስጥ በማሽን ያለሰልሰው ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ ሻያችንን ከነእንጨት ዱቄቱ ጠጣን፤ የእትዬ በየነች ዶሮ እንኳ አስነጠሳት። ከዚያ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ተቀባ። የመጨረሻው የተቀባው በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነው። በድሩ ደጃፉ ላይ ወንበር አጋደመና፣ «በሌላ አገር በሁለት ቀን ይደርቃል፤ በዚህ ዝናብ ግን አምስት ቀን ማንም ዝር እንዳይል» ብሎ አስጠነቀቀ። እትዬ በየነች እኔ ቤት አደሩና በማግሥቱ ማለዳ ሚካኤልን ሊያነግሡ ሄዱ።

ሕዝቅያስ ማስጠንቀቂያውን አልሰማም። እናቱን ድንገት ደስ ላሰኝ ብሎ ያን ዕለት ጠዋት ከቴፒ መጣ። ወለሉ እንደ መስታወት ሲያብረቀርቅ አገኘው። የሚካኤል ዕለት ባዶ ወለል ደግሞ እንደ ማፈሪያ ሆኖ ታየው። ወንበሩን ወደ ጎን ገፋና በካልሲው እየተራመደ ከዳር እስከ ዳር ቄጠማ ጎዘጎዘበት።

እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቄጠማው ተጣብቋል። አንዷን ሰበዝ ቢስቧት እኩሌታዋ ቀረች። የሕዝቅያስም አንድ እግር ካልሲ መሐል ቤት እንደ ተተከለ ነው።

«ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ በመጥረጊያ ይነሣ ነበር» አለ፤ ጥፋተኛ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም።

በስድስተኛው ቀን ቫርኒሹ ከነቄጠማው ድንጋይ ሆነ። በድሩ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ተፍቆ እንደ ገና ይቀባል እንጂ ሌላ መላ የለውም። ማሽኑ ግን ለሥራ ማጂ ወርዷል፤ እኔም ነገ ልከተለው ነው። ወይ እስከ ሐምሌ ጠብቁኝ፣ ወይ በእጅ እሹት።» አንድ እሽግ ብርጭቆ ወረቀት መሬት ላይ አኖረ።

«እስከ ሐምሌማ አይሆንም» አለ ሕዝቅያስ። «ላስቲክ ምንጣፍ እናልብሰውና ይቅር። ካልሆነም...» እናቱን አየት አደረገ። «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ እማዬ። የኖርሽበት ሥራ አይደል?»

በድሩ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። እኔ ምነው በቀረሁ አልሁ።

እትዬ በየነች እሽጉን ፈቱ፣ አንድ ብርጭቆ ወረቀት አወጡ፣ ለአራት አጠፉት። የልጃቸውን እጅ ይዘው መዳፉ ላይ አስቀመጡና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት።

«በእንጨቱ ርዝመት ነው የሚታሸው። በአግድም ካሸኸው ትጭረዋለህ።»

«እማዬ፣ ሱሪዬ እኮ...»

«ጥቁር ነው። አያሳይም።»

ሕዝቅያስ በድሩን አየ፤ በድሩ ጣሪያውን መቁጠር አልጨረሰም። እኔን አየኝ። መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ግራው፣ እንደ አሮጌ ግመል ወረደ። እትዬ በየነች የመጀመሪያውን የፍትጊያ ድምፅ ቆመው ሰሙ፤ በርዝመቱ መሆኑን አዩ። ነጠላቸውን አጣፉና ማናችንንም ደኅና ዋሉ ሳይሉ ወጡ።